ከኒቅያ በኋላ የነበሩት 56 ዓመታት

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ስንቆጥር ሰባት ስምንት ዓመት ስለሚያንስ እንዳትደናገሩ።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደጋግሞ የሚዞር አንድ ወሬ አለ። «ኢየሱስን አምላክ ያደረገው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው። በ325 ጳጳሳትን ኒቅያ ላይ ሰብስቦ በድምፅ ብልጫ አስወሰነው» ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሰማነው አጭር ታሪክ አለ። አርዮስ ካደ፤ 318ቱ ሊቃውንት ተሰበሰቡ፤ አወገዙት፤ ነገሩ አለቀ። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገሩ ኒቅያ ላይ እንዳላለቀ ነው። እንዲያውም ከባዱ ጠብ የመጣው ከኒቅያ በኋላ ነው። እስከ 381 ድረስ 56 ዓመት ፈጅቷል። ከዚያ ውስጥ በአብዛኛው፣ በምሥራቁ የሮም ግዛት፣ ቤተ መንግሥቱ የቆመው ከጉባኤው ተቃዋሚዎች ጎን ነበር።

መጀመሪያ ወሬውን እንይ። ኒቅያ በቢታንያ አውራጃ ያለች ከተማ ናት። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ኢዝኒክ ትባላለች። በ112 ገደማ፣ ማለትም ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ የዚያው አውራጃ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ትራያን ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ክርስቲያኖችን ይዞ መርምሯል። ያገኘውንም እንዲህ ብሎ ያስረዳል፦ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፤ ለክርስቶስም ለአምላክ እንደሚዘመር እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ፕሊኒ አረማዊ ነው። ለክርስቲያኖች የሚያደላበት አንዳች ምክንያት የለውም።

እስራኤል ውስጥ መጊዶ በሚባለው ቦታ ደግሞ፣ አሁን እስር ቤት በቆመበት ግቢ፣ የሦስተኛው መቶ ዓመት የጸሎት ቤት ወለል ተቆፍሮ ወጥቷል። በሞዛይክ የተጻፈ ጽሑፍ አለበት። አኬፕቱስ የምትባል ሴት ማዕዱን «ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ» መታሰቢያ እንዳበረከተች ይናገራል። ይህ ሲጻፍ ቆስጠንጢኖስ ገና አልተወለደም።

ስለዚህ ኒቅያ ላይ የቀረበው ጥያቄ «ክርስቶስ አምላክ ይባል ወይስ አይባል» አልነበረም። አርዮስም አምላክ ይለዋል። ጥያቄው «አምላክ ስንለው ምን ማለታችን ነው» የሚል ነው። እንደ አብ ያለ አምላክ ነው? ወይስ ከአብ በታች የሆነ፣ በክብር ብቻ አምላክ የተባለ?

ነገሩ የተቀጣጠለው እስክንድርያ ውስጥ ነው። ትልቅ የወደብ ከተማ ናት። የግብፅ ስንዴ ለትልልቆቹ ከተሞች የሚጫነው ከእሷ ነው። መጽሐፍና ክርክር የሞላባት፣ ሰዉም በቀላሉ የሚነሣባት ከተማ ነበረች። አርዮስ እዚያ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። ትውልዱ ሊቢያ ነው ይባላል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገፍቷል። የሚጠሉት ጸሐፊዎች እንኳ ቁመተ ረጅም፣ ኑሮው የባሕታዊ፣ አንደበቱ ጣፋጭ እንደነበር ጽፈዋል። ከጳጳሱ ከእስክንድሮስ ጋር የተጋጨው በ318 ገደማ ነው።

አርዮስን በሥዕል እንደምናየው ቀንድ ያለው አድርገን ካሰብነው ክርክሩ አይገባንም። ሰውየው የሚፈራው ነገር ነበረው። እግዚአብሔር አንድ ነው። መጀመሪያ የሌለው፣ ከማንም ያልተገኘ እሱ ብቻ ነው። ወልድም መጀመሪያ የለውም ካልን ሁለት አማልክት አቆምን ማለት ነው። ስለዚህ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ በፊት የተፈጠረ፣ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ፣ ግን ፍጡር ነው። «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» የምትለው አባባል የወገኑ መፈክር ሆነች። ጥቅስም አልቸገረውም። ምሳሌ 8፥22 ላይ ጥበብ «እግዚአብሔር የመንገዱ መጀመሪያ አድርጎ ፈጠረኝ» ስትል በግሪኩ መጽሐፍ ያነባል። ዮሐንስ 14፥28 ላይ «አብ ከእኔ ይበልጣል» ይላል። ተርቦ የለም ወይ? ደክሞት የለም ወይ? አልቅሶ የለም ወይ? ያችን ቀን አላውቃትም ብሎ የለም ወይ?

ሐሳቡም ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረው ታላቁ የእስክንድርያ መምህር ኦሪጀን፣ በእኛ መጻሕፍት አርጌንስ የሚባለው፣ ሁለት ነገር አስተምሮ ነበር። ወልድ ከአብ የተወለደው ጊዜ በሌለበት ነው ብሏል። በሌላ ቦታ ደግሞ ወልድን ከአብ ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ተማሪዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም አቃታቸው። እስክንድሮስ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ አርዮስ ሌላውን።

እስክንድሮስ ወደ መቶ የሚጠጉ የግብፅና የሊቢያ ጳጳሳትን ሰብስቦ አርዮስን አወገዘው። አርዮስ ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ወደ ፍልስጥኤም ሄደ። ከዚያም የኒቆምድያው ጳጳስ አውሳብዮስ ተቀበለው። ይህ አውሳብዮስ የቤተ መንግሥት ሰው ነው፤ ስሙን ያዙልኝ። አርዮስ ትምህርቱን በግጥም አዘጋጀ። ለመርከበኞች፣ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞች የሚሆኑ መዝሙሮች እንደጻፈም ተመዝግቧል። ዛሬ ቢሆን ቲክቶክ ላይ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

ቆስጠንጢኖስ በ324 ሊቅንዮስን አሸንፎ ምሥራቁን ሲጠቀልል ይህ ጭቅጭቅ ጠበቀው። መጀመሪያ ያደረገው ደብዳቤ መላክ ነው። ለእስክንድሮስም ለአርዮስም በአንድ ላይ ጻፈ። ጉዳዩ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ባትጠይቁት፣ ብትጠየቁም ባትመልሱ ይሻል ነበር፤ ሰላማዊ ቀኔንና እንቅልፌን መልሱልኝ ዓይነት ነው ይዘቱ። ኢየሱስን አምላክ ሊያደርግ ቆርጦ የተነሣ ሰው እንዲህ አይጽፍም። እሱ የፈለገው ጸጥታ ነው። ደብዳቤውን ያደረሰው ሆስዮስ የሚባለው የስፔን ጳጳስ ሲሆን፣ ነገሩ በደብዳቤ የሚበርድ እንዳልሆነ አይቶ ተመለሰ።

እናም በ325 ኒቅያ ላይ ጉባኤ ተጠራ። ጳጳሳቱ በመንግሥት የፖስታ ሠረገላና ፈረስ መጡ። ስንት ነበሩ? እዚያው የነበረው ሌላው አውሳብዮስ፣ የቂሳርያው ጳጳስ፣ ከ250 በላይ ይላል። አትናቴዎስ አንድ ጊዜ ወደ 300 ይላል። 318 የሚለው ቁጥር የጸናው ኋላ ነው። ዘፍጥረት 14 ላይ አብርሃም ሎጥን ለማስለቀቅ ይዟቸው ከወጣው 318 ሰዎች ጋር አገናኝተውታል። እኛም ኅዳር 9 የምናስባቸው በዚሁ ቁጥር ነው። ከምዕራብ የመጡት ጥቂት ናቸው። የሮሙ ጳጳስ ራሱ አልመጣም፤ ሁለት ቄሶች ላከ።

እስቲ አስቡት። ከመካከላቸው በስደቱ ዘመን ዓይናቸው የወጣ፣ እጃቸው በእሳት የተኮማተረ ሰዎች እንደነበሩ ተጽፏል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ መንግሥት ሲያሳድዳቸው ነበር። አሁን ንጉሡ ወርቅ ለብሶ መሐላቸው ገባ። እስኪፈቅዱለት ድረስ አልተቀመጠም ይባላል። ስንቱ ደንግጦ ይሆን! ቅዱስ ኒቆላዎስ አርዮስን በጥፊ መታው የሚለውን ግን እርሱት። ብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ተረት ነው። ሰው ስለሚወደው ብቻ ነው የሚኖረው።

ክርክሩ ውስጥ የሆነውን አትናቴዎስ ኋላ ጽፎታል። ያን ጊዜ ወጣት ዲያቆን ሆኖ እስክንድሮስን ተከትሎ ነበር የሄደው። ጳጳሳቱ ጉዳዩን በመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ብቻ ሊዘጉት ፈለጉ። «ወልድ ከእግዚአብሔር ነው» እንበል አሉ። የአርዮስ ወገኖች ተጠቃቀሱ፤ «ሁሉም ነገር ከእግዚአብሔር ነው ተብሎ ተጽፎ የለ፤ እንቀበለዋለን» ተባባሉ። «የአብ ኃይል ነው» እንበልስ? እሱንም ተቀበሉት። ለምን ቢባል፣ በኢዩኤል ትንቢት አንበጣና ኩብኩባው እንኳ የእግዚአብሔር ታላቅ ኃይል ተብለዋል። እኔ ይህን ሳነብ ሁሌም ያስቀኛል። አንበጣ ማምለጫ መንገድ ሆነ!

በዚህ ጊዜ ነው ማምለጫ የሌለው አባባል የተፈለገው። ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው፤ በግሪኩ ሆሞኡሲዮስ። ቃሉ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ይባስ ብሎ በ268 አንጾኪያ ላይ ከተወገዘው ከጳውሎስ ሳምሳጢ ጋር ስሙ የተያያዘ ቃል ነው። ብዙ ጳጳሳት የአርዮስ ደጋፊ ሳይሆኑ በዚህ ቃል ተሸማቀዋል። አብና ወልድን አንድ አካል እንደሚያደርገው እንደ ሰባልዮስ ትምህርት መሰላቸው። የቂሳርያው አውሳብዮስ ፈርሞ ሲያበቃ ለምን እንደፈረመ ለሕዝቡ የሚያብራራ ረጅም ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደደ። በደስታ የፈረመ ሰው እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አይጽፍም።

አንፈርምም ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የሊቢያ ጳጳሳት። ከአርዮስ ጋር ተሰደዱ። የኒቅያውን ሐሳብ በቅዳሴያችን ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ፣ ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» እያልን እስከ ዛሬ እንናገረዋለን። ተወለደ እንጂ አልተፈጠረም፤ በመለኮቱ ከአብ ጋር እኩል ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ምርጫ ግን ኒቅያ ላይ አልተነሣም። የትንሣኤ በዓል ቀን ተነሥቷል፣ 20 ቀኖናዎች ወጥተዋል።

ወዲያው ነገሩ ተገለበጠ። ኒቆምድያዊው አውሳብዮስ ለጊዜው ተሰዶ ነበር፤ በ328 ገደማ ተመለሰና የንጉሡ ቅርብ ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት እስክንድሮስ ሞተና አትናቴዎስ በመንበሩ ተተካ። ተቃዋሚዎቹ ትምህርቱን ፊት ለፊት አልነኩም። ሰውየውን ነው የነኩት። በ335 ጢሮስ ላይ ፍርድ አቆሙት። አርሳንዮስ የሚባል ጳጳስ አስገድለሃል፣ እጁንም ለአስማት ቆርጠሃል አሉት። ማስረጃ ተብሎ የደረቀ እጅ ቀረበ። ታሪኩ እንደሚለው አትናቴዎስ አርሳንዮስን ተሸፋፍኖ አስገባው። ከነሕይወቱ፣ ከነሁለት እጁ። «ሦስተኛው እጅ ከየት እንደተቆረጠ ንገሩኝ» ማለቱ ይነገራል። ይህ አላዋጣ ሲል ሌላ ክስ መጣ፤ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን ስንዴ አስቆማለሁ ብሏል ተባለ። ቆስጠንጢኖስ ስንዴ ሲባል ቀልድ አያውቅም። አትናቴዎስን ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትሪየር ሰደደው።

አርዮስ በ336 ቁስጥንጥንያ ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊመለስ ዋዜማ ላይ ድንገት ሞተ። ቆስጠንጢኖስ በዓመቱ ሞተ። እስከዚያ ያልተጠመቀ ሰው ነበር። በሞት አልጋው ላይ ማን አጠመቀው? የኒቆምድያው አውሳብዮስ። የኒቅያን ጉባኤ የጠራው ንጉሥ በአርዮስ ወዳጅ እጅ ተጠመቀ። «ቆስጠንጢኖስ ወሰነው» ለሚለው ወሬ ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

ልጁ ቆንስታንቲዮስ ደግሞ ከአባቱ የባሰ ነው። ጉባኤ በጉባኤ ላይ ጠራ። አንጾኪያ፣ ሰርዲካ፣ ሲርሚየም። እያንዳንዱ አዲስ የእምነት መግለጫ ያወጣል። በ359 ምዕራቦቹን አሪሚኑም ላይ፣ ምሥራቆቹን ሴሌውቅያ ላይ ሰብስቦ «ወልድ አብን ይመስላል» ብቻ እንዲሉ አስገደዳቸው። «ባሕርይ» የሚለው ቃል እንዳይነሣ ተባለ። ሄሮኒሞስ ኋላ፣ ዓለም አርዮሳዊ ሆኖ ራሱን ሲያገኘው ደንግጦ አቃሰተ ብሏል። አሚያኑስ የተባለው አረማዊ የታሪክ ጸሐፊ የሚያሾፈው በሌላ ነው። ጳጳሳት በመንግሥት ፈረስ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲጋልቡ የፖስታ አገልግሎቱን ሊገድሉት ምንም አልቀራቸውም ይላል።

በዚህ መሐል እኛም አለንበት። በየካቲት 356 አንድ ሌሊት ወታደሮች አትናቴዎስ የሚጸልይበትን የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ከበቡ። እሱ ከወንበሩ አልተነሣም። ዲያቆኑ መዝሙር እንዲያነብ፣ ሕዝቡም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ እንዲቀበል አዘዘ። በሩ ተሰበረ። በግርግሩ መነኮሳቱ ይዘውት ወጡ። ከዚያ ለስድስት ዓመት ያህል በግብፅ በረሃ ከመነኮሳት ጋር ተደበቀ። በምትኩ ጊዮርጊስ ዘቀጰዶቅያ የሚባል ሰው መንበሩ ላይ ተቀመጠ። እስክንድርያውያን ይህን ሰው አልወደዱትም፤ በ361 መጨረሻ ሕዝቡ ገደለው።

ቆንስታንቲዮስ ያኔ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ዛሬም አለ። አትናቴዎስ ራሱ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ገልብጦ አስቀምጦታል። «ክቡራን ወንድሞች» ብሎ ይጠራቸዋል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፍሬምናጦስን ቶሎ ወደ ግብፅ ላኩት። የሾመው አትናቴዎስ ስለሆነ ጊዮርጊስ እምነቱን ይመርምረው። አትናቴዎስ ራሱ አክሱም መጥቶ ሕዝባችሁን እንዳያበላሽም ተጠንቀቁ ይላል። ፍሬምናጦስ ማለት የጢሮስ አካባቢ ልጅ፣ ከኤዴስዮስ ጋር በባሕር ጉዞ ተማርኮ አክሱም ቤተ መንግሥት ያደገው፣ ኋላም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ያልነው ነው።

አባ ሰላማ አልሄደም። በትውፊታችን እስከ ዕረፍቱ ድረስ እዚሁ እንዳስተማረ ይነገራል። ኢዛና በግሪክ ካስቀረጻቸው ጽሑፎች አንዱ ላይ የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ስም በአንድነት ይገኛል። ከዚያ በኋላ ጳጳስ ከእስክንድርያ ማምጣት ልማድ ሆኖ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቆየ። በ1959 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። የአትናቴዎስ ስም በቅዳሴያችን ውስጥ የራሱ ቅዳሴ ኖሮት መቀመጡ ከዚህ አንጻር አይገርመኝም። የሮም ንጉሥ ከእኛ የፈለገው የእሱን ሰው ነበር።

አትናቴዎስ ምን ይዞ ነው ይህን ሁሉ የታገሠው? በአምስት ስደት አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ከመንበሩ ርቋል። መከራከሪያው ሲጨመቅ የሚከብድ አይደለም። ለክርስቶስ እንሰግዳለን። በስሙ እንጠመቃለን። ፍጡር ከሆነ ጣዖት አምላኪዎች ነን። ሁለተኛው ነገር ደግሞ መዳን ነው። ሞት የገባበትን ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ሊያገናኘው የሚችለው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ፍጡርማ ራሱ የሚይዘው ይፈልጋል። አርዮስ የፈጣሪን ልዕልና ጠበቀ፤ ነገር ግን ሊያድነን የመጣውን ከእኛ ወገን አደረገው። ምእመኑ ከአትናቴዎስ ጎን የቆመው ግሪክኛ ፍልስፍና ስለገባው አይመስለኝም። በየእሑዱ የሚያደርገውን ነገር ትርጉም የሰጠለት እሱ ስለሆነ ነው።

እልኸኛ ብቻ ቢሆን ግን አያሸንፍም ነበር። ከሃዲው ንጉሥ ዩልያኖስ በ361 ነገሠና የተሰደዱትን ጳጳሳት ሁሉ መልሷል። እርስ በርስ ይባላሉ ብሎ ነው። አትናቴዎስ ግን በ362 እስክንድርያ ላይ ትንሽ ጉባኤ አደረገ። ከቀድሞ ጠበኞቹ ጥቂቶቹን ጠየቃቸው። «ሦስት አካል ስትሉ ሦስት አማልክት ማለታችሁ ነው?» «አይደለም» አሉ። «አንድ ስትሉስ አብና ወልድን መቀላቀላችሁ ነው?» ሌሎቹም «አይደለም» አሉ። ቃላቸው ቢለያይም የሚሉት አንድ ሆኖ ተገኘ። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ጉባኤዎች የሚበልጠው ይህ በብዛት የማይነገርለት ጉባኤ ነው። ባስልዮስ፣ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና ወዳጃቸው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በዚህ ላይ ገነቡ፤ አንድ ባሕርይ፣ ሦስት አካላት።

አትናቴዎስ በ373 ሲሞት ዙፋኑ ላይ የነበረው ቫሌንስ የተቃራኒው ወገን ነበር። ቫሌንስ በ378 አድሪያኖፕል ላይ በጎቶች እጅ ወደቀ። ቴዎዶስዮስ ነገሠ፤ እሱ የኒቅያ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ቁስጥንጥንያ ምን ትመስል እንደነበር ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሲያማርር ትቶልናል። ባለ ሱቁን ገንዘብ ዘርዝርልኝ ብትለው ስለተወለደውና ስላልተወለደው ይሰብክሃል። ዳቦ ስንት ነው ብትል «አብ ይበልጣል» ይልሃል። መታጠቢያው ደርሷል ወይ ብትል «ወልድ ከምንም ተፈጠረ» ይልሃል።

በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ 150 ጳጳሳት ተሰብስበው የኒቅያን እምነት አጸኑ፤ ስለ መንፈስ ቅዱስም ጨመሩበት። አርዮሳዊነት ግን ያን ቀን አልሞተም። ዑልፊላ ከሚባለው ጳጳስ እምነቱን የተቀበሉት ጎቶች ይዘውት ወደ ምዕራብ ሄዱ። የስፔኖቹ ጎቶች የተዉት በ589 ነው።

ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት የ381ዱን ጉባኤ ይመራ ነበር። ጭቅጭቁ ሲመርረው ሊቀ መንበርነቱንም የከተማዋን ጵጵስናም ትቶ አገሩ ገባ። በዓመቱ ለሌላ ጉባኤ ሲጠሩት አልመጣም አለ። የጳጳሳት ስብሰባ በደግ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም የሚል መልስ ነው የጻፈው። በፍርሃቱም አልተሳሳተም። ወልድ አምላክ መሆኑ ከተረጋገጠ ሰው ሲሆን መለኮትና ትስብእት እንዴት ተዋሐዱ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። እሱ ኤፌሶን 431ን፣ ኬልቄዶን 451ን ያመጣል። እኛ ተዋሕዶዎች ከሮምና ከቁስጥንጥንያ የተለየነው እዚያ ላይ ነው። ያ ግን ለብቻው አንድ ምሽት ይፈልጋል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ማይክሮፎኑ ከኋላ ይጀምራል።